ያለ መንገድ መሪ የማኒላን ከተማ ከቤተ ሰብ ጋራ ስለ መጐብኘት

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና ጥበቃ ስንጽፍ መቈየታችን በአንባቢዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ከቤት ወጥተን ስለ መንገድ ነገር ጥቂት ለመናገር አስበናል። ቤተ ሰብ በቤቱ ሳለ ብቻ ሳይሆን በመንገድም ሳለ ቤተ ሰብ ነውና፥ የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ በቤታቸው ለአንድ ግብር የሚያስቡትን ያህል በሰው አገር ለአንድ ቀን ውሎ ካላሰቡ ሽማግሌው ይደክማል፥ ሕፃኑ ያለቅሳል፥ ገንዘቡም ይባክናል፤ ከታየውም ነገር ሁሉ በልብ የሚቀር አይገኝም።

ለምሳሌ የመረጥነው በሩቅ ምሥራቅ ያለችውን የፊሊጲንን ዋና ከተማ ማኒላን ነው። ወደዚያ አገር ስለ ጉባኤ፥ ስለ ትምህርት ወይም ስለ ንግድ የሚሄድ ሰው ባለቤቱንና ልጆቹን፥ አንዳንድ ጊዜም አሮጊት እናቱን ይዞ እንደ ሆነ፥ ከሥራው የሚተርፈው ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ያንን አንድ ቀን በመንገድ መሪ እጅ መስጠት ቀላል ነገር ነው፤ እኛም መንገድ መሪን አንነቅፍም። ነገር ግን መሪው የሚሄደው በብዙው ሰው እርምጃ እንጂ በእናታችን እርምጃ አይደለም፤ ልጁ አንድ ነገር አይቶ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ሲቆም፥ መሪው ሰዓቱን አይቶ ያልፋል። ስለዚህ አስቀድሞ አስቦ፥ ካርታውን አጥንቶ፥ የራስን ቤተ ሰብ ራስ መምራት የተሻለ መሆኑን እናምናለን። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ሰዓቱ ግን በኛ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ስለ ሙቀት ነው። ማኒላ በባሕር ጠረፍ ያለች ቈላ ናት፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ስፍራ መኖር የለመደ ደገኛ ነው። በዚያ አገር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። በመጋቢት መሞቅ ይጀምራል፤ ሚያዝያና ግንቦት የጋሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናምና ዐውሎ ነፋስ ይበረታል፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ በጎርፍ ይዘጋል። በ2024 በሚያዝያ ወር ሙቀቱ እጅግ ስለ ጸና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በየቤታቸው ሆነው እንዲማሩ ታዝዞ ነበር። የአገሩ ልጆች ያልቻሉትን ሙቀት የኛ ልጆች ይችሉታል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው።

ስለዚህ የቀኑን ውሎ በመንገዱ ርቀት ሳይሆን በፀሐይ አካሄድ መደልደል ይገባል። ብዙ ሰው ካርታውን ዘርግቶ የቀረበውን አስቀድሞ፥ የራቀውን አስከትሎ ይጽፋል። በደጋ አገር ይህ መልካም ነው፤ በማኒላ ግን ያሳስታል። ከፀሐይ በታች የሚታየው ነገር በማለዳ፥ ከጣራ በታች ያለው በቀትር፥ የባሕሩ ዳር በማታ ቢሆን፥ አሮጊቷም ሕፃኑም ውሎውን ይችሉታል። ዕለቱም ሰኞ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው፤ በሰኞ ቀን ብሔራዊው ቤተ መዘክር ዝግ ነውና። በሕማማት ሳምንትም፥ ይልቁንም በነርሱ ሐሙስና ዓርብ፥ ከተማው ጸጥ ስለሚልና ብዙው ስፍራ ስለሚዘጋ ለጉብኝት አይመረጥም። ጃንጥላ መያዝ ይገባል። እዚያ አገር ጃንጥላ የሚያዘው ለዝናም ብቻ ሳይሆን ለፀሐይም ነውና፥ ለኛ እመቤቶች እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። የሚጠጣውም ውሃ በጠርሙስ የታሸገ ይሁን።

ማለዳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከማረፊያ ተነሥቶ ኢንትራሙሮስ ወደሚባለው ስፍራ መሄድ ነው። የስሙ ትርጓሜ «ከቅጥር ውስጥ» ማለት ሲሆን፥ የእስጳንያ ሰዎች የመሠረቱት የጥንቱ ማኒላ ይኸው ነው። ሚጌል ሎጴዝ ደ ሌጋስፒ የተባለው የእስጳንያ ሹም በ1571 ከተማውን በፓሲግ ወንዝ አፍ ላይ ቈረቈረ፤ ከዚያ በኋላ በድንጋይ የታነጸው ቅጥር ዙሪያው አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚህ ወደብ ተነሥተው እስከ ሜክሲኮ ድረስ የሚመላለሱ ታላላቅ መርከቦች ከ1565 እስከ 1815 የቻይናን ሐርና ሸክላ ወስደው የሜክሲኮን ብር ያመጡ ነበር፤ በመጀመሪያ የተነሡት ከሴቡ ነው፥ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን መነሻው ማኒላ ሆነ። እንግሊዞች ከ1762 እስከ 1764 ያዙት። በ1898 እስጳንያ ደሴቶቹን ለአሜሪካ በሃያ ሚሊዮን ዶላር ለቀቀች፤ ባለቤቶቹን ግን የጠየቃቸው አልነበረም። አገሪቱ ነጻነቷን ያገኘችው በ1946 በሐምሌ ወር መግቢያ፥ እነርሱ ጁላይ 4 በሚሉት ቀን ነው። ከቅጥሩ ውጭ የነበረውን የውሃ ቦይ አሜሪካኖች ደልድለው የጎልፍ ሜዳ አድርገውታል፤ ጠላት እንዳይሻገረው በተቈፈረው ጕድጓድ ላይ አሁን ሰዎች በዱላ ኳስ ሲመቱ ይታያል።

በቅጥሩ ሰሜን በኩል በወንዙ ዳር ያለው የሳንቲያጎ ምሽግ መጀመሪያ ይታያል። ጧት በሁለት ሰዓት ሲከፈት መግባት መልካም ነው፤ ያን ጊዜ ዛፎቹ ጥላ ይሰጣሉ፥ ሰውም አይበዛም። የመግቢያው ዋጋ ጥቂት ነው። በዚህ ምሽግ የአገሩ ሰዎች እጅግ የሚያከብሩት ሖሴ ሪሳል በ1896 ከመሞቱ በፊት ታስሮ ነበር። ይህ ሰው የዓይን ሐኪምና ደራሲ ነበረ። የእናቱ ዓይን እየፈዘዘ መሄዱን አይቶ የዓይን ሕክምናን በአውሮጳ እንደ ተማረ፥ ተመልሶም እናቱን ራሱ እንዳከማቸው በታሪኩ ተጽፏል። በ1887ና በ1891 ያሳተማቸው ሁለት ልብ ወለድ መጻሕፍት የገዢዎቹን በደል ስለ ገለጡ በጠላትነት ታየ፤ በ35 ዓመቱም በዲሴምበር 30 ቀን 1896 በጥይት ተገደለ። በመጨረሻው ሌሊት የጻፈውን የስንብት ግጥም አልኮል በሚነድበት ትንሽ ማብሰያ ውስጥ ሸሽጎ፥ ጠባቂዎቹ በማያውቁት በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ከውስጡ ነገር አለ» ብሎ ለእኅቱ እንደ ሰጣት ይነገራል። ከእስር ቤቱ እስከ ተገደለበት ሜዳ የተራመደበት መንገድ ከነሐስ በተሠራ የእግር ቅርጽ ምልክት ተደርጎበታል። ልጆች በዚያ የእግር ቅርጽ ላይ እየረገጡ መሄድ ይወዳሉ፤ የማን እግር እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ የሚነግራቸው አባታቸው ይሁን።

አሁን የቤት ጌታ ከሁሉ ይልቅ አስቦ ሊወስነው ወደሚገባው ነገር ደርሰናል። በዚሁ ምሽግ ከመሬት በታች ያለ እስር ቤት አለ፤ በአጠገቡም ነጭ መስቀል ቆሟል። በ1945 የጃፓን ጦር ከተማውን ሲለቅ በዚያ ውስጥ የሞቱ ስድስት መቶ ያህል ሰዎች አስከሬን ተገኝቶ ከመስቀሉ ሥር በአንድነት ተቀብሯል። በዚያ ዓመት ከፌብሩዋሪ 3 ቀን እስከ ማርች 3 ቀን በተደረገው ውጊያ፥ ከፊሉ በጃፓኖች እጅ ታርዶ፥ ከፊሉ በእሳት ተቃጥሎ፥ ከፊሉም በአሜሪካ መድፍ ተመትቶ፥ አንድ መቶ ሺህ ያህል ሰላማዊ ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ወሩ በኛ አቈጣጠር የ1937 የካቲት መሆኑ ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በየካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ የሆነውን የሚያውቅ ሰው፥ ይህን ሲሰማ እንደ ሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ሊሰማው አይችልም።

እንግዲህ ልጆች ይህን ይዩ ወይስ አይዩ? አንዳንድ ሰው «ዕረፍት ልናደርግ መጣን እንጂ ልናለቅስ አልመጣንም» ብሎ ያልፈዋል። ሌላውም ያለ ምንም ዝግጅት ሕፃኑን እጁን ይዞ ወደ ጨለማው ያወርደዋል። በኛ አሳብ ሁለቱም አይገባም። ዕድሜው ከዐሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወደ መሬት ውስጥ እስር ቤቱ መውረድ አያስፈልገውም፤ ሌሊት የሚያስፈራው ነገር ይዞ ከመመለስ በቀር የሚያተርፈው የለም። ነገር ግን በዚያ አገር የደረሰውን ፈጽሞ ሳይሰማ እንዲመለስ ማድረግም በደል ነው። ስለዚህ ከምሽጉ ወጥቶ ወደ ደቡብ በእግር ጥቂት ሲሄዱ፥ የሳንታ ኢሳቤል አደባባይ በሚባለው ትንሽ ስፍራ በ1995 የተመረቀው የመታሰቢያ ሐውልት አለና ልጆቹን ወደዚያ መውሰድ ይሻላል። በመካከሉ አንዲት እናት የሞተ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ በዙሪያዋም ሌሎች የወደቁና ያዘኑ ሰዎች አሉ። ደምና ጨለማ የለበትም። ልጁ አይቶ «ለምን ታለቅሳለች?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሚመልስለትም ቃል አባትና እናት አስቀድመው ማታ በማረፊያቸው ተማክረው ሊያዘጋጁት ይገባል፤ በመንገድ ላይ ድንገት ከተጠየቁ አንዱ ብዙ፥ ሌላው ጥቂት ይናገራሉና። የደረሰ ልጅ ግን ራሱ ከፈቀደ ከአባቱ ጋራ ወደ እስር ቤቱ ይውረድ፤ እናቲቱና ታናናሾቹ በወንዙ ዳር ባለው ጥላ ይቈዩ።

ከሐውልቱ ብዙ ሳይርቅ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ1607 የተፈጸመ የድንጋይ ሕንጻ ሲሆን፥ በቅጥሩ ውስጥ ከነበሩት ሰባት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በ1945 ከነጣራው ቆሞ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። ብዙዎቹን ሕንጻዎች ያፈረሰው የ1863 የምድር መናወጥም አልጣለው፤ በ1880 በሆነው መናወጥ ግን ከሁለቱ የደወል ግንቦች አንዱ ተጐድቶ ስለ ፈረሰ ፊቱ ዛሬ ባለ አንድ ግንብ ነው። ከተማውን የቈረቈረው ሌጋስፒ የተቀበረው በዚሁ ውስጥ ነው። ጣራውን ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው በድንጋይ የተቀረጸ ጌጥ ያየ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሁለት የኢጣልያ ሠዓሊዎች በ1875 በቀለም የሠሩት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት በ1993 ከሌሎች ሦስት የአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ጋራ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ የሚበልጠው ካቴድራል ግን ደጋግሞ እየፈረሰ የተሠራ ነው፤ የአሁኑ ሕንጻ በ1958 የተፈጸመ ስለ ሆነ ጊዜ ያጠረው ሰው ከውጭ አይቶት ቢያልፍ አይቈጭም።

ከቅዱስ አውግስጢኖስ ፊት ለፊት ካሳ ማኒላ የሚባለውን ቤት ግን የቤት እመቤቶች ሳያዩ እንዳያልፉ እንመክራለን። ቤቱ በ1980ዎቹ ዓመታት የተሠራ ነው፤ አሠራሩና ዕቃው ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ባለጸጎች ይኖሩበት የነበረውን ቤት የሚያሳይ ነው። ምድር ቤቱ ከድንጋይ ነው፤ በዚያ የሚቀመጠው ሠረገላና ጐተራ እንጂ ሰው አይደለም፤ ምድሩ ርጥብ ነውና። ሰዎቹ የሚኖሩበት ፎቁ ከእንጨት ተሠርቶ በታላላቅ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ያርፋል፤ ምድር ሲናወጥ እንጨቱ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ድንጋይ ተንዶ ቤተ ሰቡን አይጨርስም።

መስኮቶቹ በመስተዋት ፈንታ ከባሕር በሚወጣ፥ ካፒስ በሚባል ስስ ዛጐል የተሠሩ ናቸው። ብርሃኑን ያሳልፋል፥ የፀሐዩን ንዳድ ግን ያለዝበዋል፤ እንደ ወተት ያለ ብርሃን በክፍሉ ውስጥ ይመላል። ከትልቁ መስኮት በታች፥ እስከ ወለሉ ድረስ፥ ሌላ ትንሽ መስኮት አለ፤ ትልቁ ሲዘጋ እርሱን ከፍተው ነፋስ ያስገባሉ። በማድ ቤቱም የታጠበው ሳሕንና ብርጭቆ እንዲንጠፈጠፍ ከመስኮቱ ወደ ውጭ ወጣ ያለ የእንጨት ርብራብ ተሠርቷል። ይህን ያየች የቤት እመቤት እንጨት ጠራቢ ጠርታ በራሷ ማድ ቤት ልታሠራው የምትችለው ነገር ነው፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። ጨዋ አንባቢዎቻችን ይቅር ይበሉንና፥ የዚያ ቤት መጸዳጃ ሁለት መቀመጫ ጐን ለጐን ያለበት ስለ ሆነ ልጆች በቀኑ ውስጥ ካዩት ሁሉ ይልቅ አስታውሰው የሚያወሩት እርሱን መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጊዜው አምስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ይበረታል፤ መመለስ ወይም ወደ ጥላ መግባት ያስፈልጋል። ምሳ በቅጥሩ ውስጥ ባሉት ምግብ ቤቶች ይገኛል። የአገሩ ዋና ምግብ ሩዝ ነው፤ በኮምጣጤና በሶያ መረቅ የበሰለ የዶሮ ወይም የዐሣማ ሥጋ አዶቦ ይባላል፤ የዐሣማ ሥጋ በብዙ ወጥ ስለሚገባ የማይበላ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ጿሚ የሆነ ሰው ደግሞ ይልቁን ይጠንቀቅ፤ ጐመን ብቻ በሚመስለው ወጥ ውስጥ ፓቲስ የሚባል የዓሣ ውሃ ወይም ባጎኦንግ የሚባል ከትንንሽ የባሕር ፍጥረት የተቦካ ቅመም ብዙ ጊዜ አለበትና። ለጾም የሚመቸው ጧት ጧት ሻጮች በትከሻቸው በሁለት ባልዲ ተሸክመው እየጮኹ የሚያዞሩት ታሆ ነው፤ ከሶያ የተሠራ ለስላሳ ነገር ሲሆን የስኳር ሽሮፕ ይፈስስበታል። በስኳር የተጠበሰ ሙዝም ቱሮን እየተባለ በየመንገዱ ይሸጣል።

የቀትሩን ሰዓት በብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ማሳለፍ ነው። ከ2016 ጀምሮ መግቢያው ያለ ዋጋ ነው፤ ውስጡም ቀዝቃዛ ነው። አሮጊት እናት የምትቀመጥበት ወንበር አለ። ሕንጻው አስቀድሞ የሕግ መወሰኛ ቤት ነበር፤ በጦርነቱ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። ከመግቢያው እንደ ተገባ ፊት ለፊት የሚታየው ሁዋን ሉና በ1884 በማድሪድ የወርቅ ሜዳይ ያገኘበት ታላቅ ሥዕል ነው። ርዝመቱ ከሰባት ሜትር ተኩል፥ ቁመቱም ከአራት ሜትር ይበልጣል። በሮማውያን ዘመን ለሕዝብ ጨዋታ እርስ በርሳቸው ተዋግተው የሞቱ ሰዎች በወለል ላይ ሲጐተቱ ያሳያል። ፊሊጲናውያን የተገዛውን አገራቸውን በዚህ ሥዕል ውስጥ አዩት፤ ሪሳልም በዚያው ዓመት በማድሪድ በተደረገው ግብዣ ሉናን አመስግኖ ንግግር አድርጓል። ጧት የእግሩን ቅርጽ የረገጠ ልጅ ይህን ቢነግሩት ያስተውለዋል። ኀይል የቀረው ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ሌላ ቤተ መዘክር ገብቶ በ1600 ከሆላንዶች ጋራ ተዋግቶ የሰጠመውን የሳን ዲየጎን መርከብ ዕቃ ይይ፤ ያልቀረው ግን ተቀምጦ ቢያርፍ ይሻላል። ሁሉን በአንድ ቀን አይቶ መጨረስ ጀግንነት አይደለም።

ከወንዙ ማዶ ያለው የቻይኖች ሰፈር ቢኖንዶ በ1594 የተመሠረተና እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ መንገዱ ግን ጠባብና ግፊያ የበዛበት ስለ ሆነ ለሁለተኛ ቀን ይቈይ እንላለን። ሁለተኛ ቀን የሌለው ሰው ይተወው። በጃንዋሪ 9 ቀን ደግሞ የጥቁሩ ናዝራዊ ሐውልት ታጅቦ ሲዞር በኪያፖ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የሚሰበሰበው ሕዝብ ስፍር ቍጥር የለውም፤ በዚያ ዕለት ሕፃን ይዞ መጠጋት አይገባም።

ወደ ዐሥር ሰዓት ፀሐይ ሲለዝብ ከቤተ መዘክሩ በእግር ወደ ሪሳል ሜዳ መሻገር ነው። በ1913 የቆመው ሐውልት የሪሳል ዐፅም ያረፈበት ሲሆን፥ ወታደሮች ቀንና ሌሊት ይጠብቁታል፤ የጧቱም የነሐስ እግር የሚያልቀው በዚህ ሰፈር ነው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ልጆች ይሮጡ። ወደ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በባሕሩ ዳር ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ነው፤ የማኒላ ሰዎች ራሳቸው ከሥራ ሲመለሱ ቆመው ያይዋታል።

ስለ መጓጓዣና ስለ ቋንቋ ጥቂት እንጨምር። በፈረስ የሚሳበው ካሌሳ ልጆችን ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከመሳፈር በፊት ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፥ ለአንድ ሰው ይሁን ለሠረገላው ሁሉ፥ ለስንት ጊዜም እንደ ሆነ በግልጥ መነጋገር ነው፤ ሳይነጋገሩ የተሳፈሩ ሰዎች ሲወርዱ ክርክር ይገጥማቸዋል። የቋንቋቸው ነገር ለኛ ሰው የሚቀልለው በአክብሮቱ ነው። እኛ «አንተ»ና «እርስዎ» እንደምንለው፥ እነርሱ ለታላቅ ሰው በንግግራቸው መካከል «ፖ» የምትል አንዲት ቃል ይጨምራሉ። ታላቅ ወንድምን «ኩያ»፥ ታላቅ እኅትን «አቴ» ይላሉ፤ ዘመድ ያልሆነውንም ሻጭ ወይም ነጂ እንዲሁ ብሎ መጥራት የጨዋ ልማድ ነው። ልጆቻቸው የሽማግሌን እጅ ወስደው ግንባራቸውን ያስነኩታል፤ ጕልበት መሳም የለመዱ ልጆቻችን ይህን ባንድ ጊዜ ይማሩታል፥ አሮጊቶቹም እጅግ ይደሰቱበታል።

ማታ ወደ ማረፊያ ሲመለሱ፥ እናት ያልደከመች እንደ ሆነ፥ በጂፕኒ አንድ ጊዜ መሳፈር መልካም ነው። ይህ መኪና መጀመሪያ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ትተውት ከሄዱት የወታደር ጂፕ እየረዘመ የተሠራ ነው። ሰዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ይቀመጣሉ። ነጂው ሩቅ ስለ ሆነ ከኋላ ያለው ሰው ገንዘቡን «ባያድ ፖ» ብሎ ለጐረቤቱ ይሰጣል፥ ጐረቤቱም ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ ከማያውቁት ሰው ወደማያውቁት ሰው እየተላለፈ ከነጂው ይደርሳል፥ መልሱም በዚያው መንገድ ሳይጐድል ይመለሳል። ስለዚህ ዝርዝር ሳንቲም ይዞ ማምሸት ነው። መውረድ ሲፈለግ «ፓራ ፖ» ይባላል፤ መኪናውም ይቆማል።